«አደገችብኝ፣ መምህር»

ደሴ ታኅሣሥ ላይ ጠዋቱ ይናከሳል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ከግቢያችን አይለቅም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኔ ከዚህ በፊት ያስተማርኩት ኮምቦልቻ ነበር። በሐረጎ ቁልቁለት ሲወርዱ ሩቅ አይደለም፤ አየሩ ግን ሌላ ነው። እዚያ ተማሪው ገና ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ሹራቡን አውልቆ ወገቡ ላይ ያስረዋል። እዚህ ሹራቡ ላይ ጃኬት ይደርባል። የምነግራችሁ ነገርም የጀመረው ከጃኬት ነው።

በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነኝ። ጠዋት በር ላይ የምቆመው፣ ያረፈደውን የምመዘግበው፣ «ወላጅ ይዘህ ና» የምለው ሰው እኔ ነኝ። ከማስተማሩ ይልቅ ይኼኛው ሥራ ያደክመኛል። ግን አንድ ሰው ሊሠራው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

አምና ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ የእኛ ተማሪ ያልሆኑ ሁለት ልጆች ጃኬት ደርበው ከተማሪው ጋር ተቀላቅለው ገቡ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ደብድበው ስልኩን ወስደው ወጡ። ጥበቃው ምን ያድርግ? ከጃኬት ሥር ምን እንደተለበሰ አያይም። ስብሰባ ተጠራ። ከሰኞ ጀምሮ ጃኬት የደረበ ሁሉ በር ላይ አውልቆ ዩኒፎርሙን እንዲያሳይ፣ ያላሳየ እንዳይገባ ተወሰነ። ሐሳቡን ካቀረቡት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆምኩ። ልጆቹ እያጉረመረሙ ያወልቃሉ፣ ያሳያሉ፣ መልሰው ሊለብሱ ሲሉ «በእጅ ይዘህ ግባ» እላለሁ። ጉም ነበር። አስፋልቱ ማዶ ያለው ሱቅ እንኳ አይታይም። ልጆቹ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ወደ ሰልፉ ይሮጣሉ።

አንዷ አላወለቀችም። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ዝምተኛ ናት፤ ስሟ በጥፋት ተጠርቶ አያውቅም። የወንድ የሚመስል ሰፊ ሰማያዊ ጃኬት ለብሳለች። ዚፑ እስከ አገጯ ተዘግቷል።

«አውልቂ» አልኳት።

«ቲቸር፣ ዛሬን ብቻ ይለፉኝ።»

«ሁሉም አውልቋል። አንቺ በምን ትለያለሽ?»

«ከሥር ለብሻለሁ። ጉርዱን ይዩት፣ ዩኒፎርም ነው።»

«ከለበስሽ ታዲያ ምን ቸገረሽ? አውልቂና ግቢ።»

ከኋላዋ ሠላሳ አርባ ልጅ ቆሟል። የደወሉ ሰዓት ደርሷል። አንድ ሁለት ወንዶች ሳቁ። እሷ ዚፑን በሁለት እጇ ያዘች፣ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ምንም ሳትል ዞራ በኮብልስቶኑ ቁልቁል ሄደች። «ትመለሳለች» አልኩ በልቤ። ቀጣዩን ተማሪ ጠራሁ።

አልተመለሰችም። ማክሰኞም አልመጣችም፣ ረቡዕም። እውነቱን ለመናገር በመዝገቡ ላይ የቀሪ ምልክት አደረግሁ እንጂ ብዙ አላሰብኩም። በሳምንቱ የባዮሎጂ መምህሯ ቢሮ ገባች። የሴቶች ክበብንም የምትመራው እሷ ናት።

«ልጅቷን በር ላይ መልሰሃታል አሉ» አለችኝ።

«ጃኬት አላወልቅም ብላ ነው።»

«ለምን እንዳላወለቀች ጠየቅካት?»

«ከሥር ለብሻለሁ አለች።»

«ለብሻለሁ ያለች ልጅ ለምን አላወልቅም እንደምትል አስበሃል?»

አላሰብኩም ነበር። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው በዚህ ሥራ። እንዲህ ያለ ቀላል ጥያቄ ሳልጠይቅ ልጅ መልሻለሁ።

በማግሥቱ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሁለታችን አብረን ሄድን። ቤታቸው ከጦሳ ሥር ካሉት ሰፈሮች በአንዱ ነው። እናትየዋ ሰኞ ገበያ ቃሪያና ሽንኩርት ይሸጣሉ። ሲያዩን ደነገጡ፤ ከዚያ «ግቡ፣ ግቡ በሞቴ» አሉ። ምንጣፉን አራገፉ። ከሰል አቀጣጥለው ቡና ሊያፈሉ ሲነሱ «አይልፉ እትዬ» ብንላቸውም አልሰሙንም። ወሎ ቤት ገብቶ ቡና ሳይጠጡ መውጣት የለም። ልጅቷ ጓዳ ናት፤ አልወጣችም።

እኔ ነገሩን ጀመርኩ። ስለ ሕጉ፣ ስለ ገቡት ልጆች፣ ስለ ደኅንነት አወራሁ። እናትየዋ በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከእኔ ይልቅ ወደ ባዮሎጂ መምህሯ እያዩ፣

«አደገችብኝ፣ መምህር» አሉ።

ከዚህ በላይ ማብራራት አልፈለጉም። አላስፈለገምም። ዩኒፎርሙ 9ኛ ክፍል ስትገባ የተሰፋ ነው። ሁለት ዓመት አልፎታል። የጉርዱን እጥፋት ሁለቴ ለቀውታል። ሸሚዙ ግን የሚለቀቅ ነገር የለውም። ደረቷ ላይ ቁልፉ አይደርስም። በመርፌ ቁልፍ ይይዙታል፤ ሲተነፍሱ ይከፈታል። ሹራቡ አምናውኑ ተተርትሮ አልቋል። ጃኬቱ የወንድሟ ነው፣ ከሰልባጅ የተገዛ። እኔ እንግዲህ ያን ጃኬት ነው በአርባ ልጅ ፊት አውልቂ ያልኳት። የ16 ዓመት ልጅ ናት።

ቡናው ቀረበ። አቦሉን እንዴት እንደጠጣሁት አላስታውስም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «አብሽር መምህር፣ እርስዎ ምን ያውቃሉ» አሉኝ። ይህ ነው የባሰብኝ። ማወቅ ሥራዬ ነበር።

ልጅቷ በማግሥቱ መጣች፣ በጃኬቷ። ያመለጣትን ፈተና እንድትፈተን አደረግን። የሸሚዙን ነገር ባዮሎጂ መምህሯ ጨረሰችው፤ እንዴት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

እኔ ግን ነገሩ አልወጣልኝ አለ። ዩኒፎርም የሚሰፋልን አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ሄድኩ። ፒያሳ አካባቢ ጠባብ ቤት ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና አላቸው። የተማሪ ሸሚዝ ገልብጠው አሳዩኝ። ከስፌቱ ወዲያ የቀረው ጨርቅ የጣት ጥፍር አያክልም። «በብዛት ሲታዘዝ በቁጥር ነው የሚከፈለን» አሉኝ። «ጨርቅ ካላቆጠብን አያዋጣም። ወላጅ ለብቻው ሲያሰፋ ግን በጎንና በጎን ሁለት ሁለት ጣት እተዋለሁ። ልጅ ነው፣ ያድጋል። በዓመቱ ይመጣሉ፣ እለቅላቸዋለሁ፤ አዲስ ሸሚዝ ማለት ነው።» ሁለት ጣት ጨርቅ። እኛ በስብሰባ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ኮሌታው ቅርጽ፣ ስለ አርማው ተከራክረናል። ስለዚህ ሁለት ጣት ማንም አንስቶ አያውቅም።

ጉዳዩን በመምህራን ስብሰባ ላይ አነሳሁት። የልጅቷን ማንነት አልተናገርኩም። ክርክሩ ጦፈ። አንድ የሒሳብ መምህር «ከነጭራሹ ይቅር» አለ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። 2014ን አስታወሰን። ከነሐሴ 2013 ጀምሮ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ በከተማችን ትምህርት ቤቶች ተጠልሎ ነበር። ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ራሷን ደሴን አገኛት። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ከጦርነቱ ከወጣች በኋላ ትምህርት ስንጀምር ወንበር አልነበረም፣ ሰሌዳ አልነበረም፣ ዩኒፎርም የጠየቀም አልነበረም። ልጁ ያለውን ለብሶ መጣ። «ያኔ አስተምረናል ወይስ አላስተማርንም?» አለ። «ሸሚዝ ሳይሆን ልጅ ነው የሚማረው።»

አስተምረናል። እውነት ነው። እኔ ግን ከዚያ ወቅት ሌላም አስታውሳለሁ። በጠዋት ሰልፍ ላይ ማን ምን እንደተረፈለት በዓይን ይነበብ ነበር። ቤቱ ያልተነካበት ልጅ በአዲስ ሹራብ ይቆማል። ከጎኑ የቆመው በእርዳታ የተሰጠ፣ ለአዋቂ የተሰፋ ሱሪ በገመድ አስሮ ይቆማል። እንዲህ ያሉት ልጆች ቀስ በቀስ ኋላ ረድፍ መቆም ጀመሩ፤ ከዚያ ከሰልፍ መቅረት ጀመሩ። ዩኒፎርም ይመለስ ያሉት እኛ ሳንሆን ወላጆች ናቸው። አንድ አባት በወላጅ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ልጄ ተማሪ ትምሰልልኝ» ያሉት ከጆሮዬ አይጠፋም።

በሌላውም ቀን ቢሆን ዩኒፎርም ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ትምህርት ሰዓት ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ መናፈሻ ሲዞር የሚያየው ሰው ዝም አይልም። ባጃጅ ነጂው፣ ሱቅ ያለችው እናት «አንተ ልጅ፣ ክፍል የለህም?» ይሉታል። ያ ጨርቅ ልጁን የሰፈሩ ሁሉ ልጅ ያደርገዋል። ሁሉን እኩል ያደርጋል የሚለውን ግን እስከ መጨረሻው አልቀበለውም። ተማሪ ተማሪን በጫማው ያውቀዋል። ቢያንስ ግን ከአንገት እስከ ጉልበት ያለውን ጥያቄ ይዘጋል፤ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ስብሰባው ላይ ያልኩት ይህን ነው። ዩኒፎርም ግዴታ ይሁን። ግዴታው ግን በሩ ላይ ከቆመችው ልጅ አይጀምር፤ ከእኛ ይጀምር። ግዴታ ብለን ካወጅን፣ የለበሰችው የሚበቃት መሆኑን ማወቅም የእኛ ግዴታ ነው። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በነፃ ያገኛሉ። እዚያ ትምህርት ቤቱ «የት አለ?» ብሎ የመጠየቅ አፍ አለው፤ ሰጥቷልና። እኛ ጋ የሚገዛው ወላጅ ነው። ያልሰጠነውን በር ላይ ስንጠይቅ ቢያንስ ድምፃችን ዝቅ ይበል።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመርኩ። ሙስሊም ሴት ተማሪዎቻችን ሂጃባቸውን በዩኒፎርሙ ቀለም ያደርጋሉ። ለዚህ ማንም አልተጣላም፤ ቁጭ ብሎ ተነጋግሮ መስማማት ወሎ ያውቅበታል። ታዲያ ለብርዱ መስማማት እንዴት አቃተን? ይህን ስል የሒሳብ መምህሩ ሳይቀር ራሱን ነቀነቀ።

ውሳኔው ተሻሻለ። ጃኬት ይፈቀዳል። ለመለያ መታወቂያ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ ጥበቃው እሱን ያያል። ዩኒፎርም ያላሟላ ተማሪ ክፍል ገብቶ ይማራል፣ በእረፍት ሰዓት ለብቻው ይጠራል፤ ሴት ከሆነች የምታናግራት ሴት መምህር ናት። ቀለሙ ካልተቀየረ ወላጅ በፈለገበት ያሰፋል። የሁለት ጣቱም ነገር በወላጅ ስብሰባ ላይ ተነገረ። አንዳንድ እናቶች «እኛማ ድሮም እናውቃለን፣ በብዛት አሰፉ ስትሉን ነው እንጂ» አሉ። ልክ ናቸው።

ቢሮዬ ውስጥ የነበረውን የፋይል ቁም ሳጥን አስለቅቄ የዩኒፎርም አደረግሁት። 12ኛ ክፍሎች ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመሄዳቸው በፊት የማይፈልጉትን እንዲተዉልን ጠየቅናቸው። ሹራብና ሱሪ በደንብ ተሰበሰበ። ሸሚዝ ግን የለም ማለት ይቻላል። ምክንያቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። በመጨረሻው ቀን ሸሚዝ ላይ መፈራረም አለ። ጀርባው፣ እጅጌው፣ ኮሌታው ሳይቀር በእስክሪብቶና በማርከር ይሞላል። «አትርሺኝ»፣ «ግቢ እንገናኝ»፣ የልብ ሥዕል፣ የስልክ ቁጥር። ይህን አትፈራረሙ ማለት አልችልም። አራት ዓመት አብረው የኖሩ ልጆች ናቸው፤ ያ ሸሚዝ ለእነሱ አልበም ነው። ግን በጣም የምንፈልገው ደግሞ እሱን ነው። ትልልቅ የሴት ሸሚዝ።

ልጅቷ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። በር ላይ ስታልፍ «እንደምን አደሩ ቲቸር» ትለኛለች። ያን ጠዋት አንሥተን አናውቅም። አንዴ ብቻዋን ስትሆን ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ፣ ፊቷን ሳየው መልሼ ማስታወስ ይሆንባታል ብዬ ተውኩት። ትክክል አድርጌ እንደሆነ አሁንም እያሰብኩ ነው።

ባለፈው ሳምንት የ12ኛ ክፍል ተጠሪዎችን ስለ ሸሚዙ አማከርኳቸው። ተነጋግረው መጡ። በሸሚዝ ፋንታ አቡጀዲ ላይ እንፈራረማለን፣ ከዚያ ለየራሳችን ቆርጠን እንከፋፈለዋለን አሉ። አቡጀዲውን ገዢ እኔ ነኝ። ስንት ሜትር ይበቃችኋል ስላቸው እርስ በርስ ተያዩና «ሃያ» አሉኝ።