ውሃ የቋጠረው ተረከዜ

አዲስ ጫማ አድርጌ ረጅም መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ተረከዜ መለብለብ ጀምሮ ነበር፤ እኔ ግን «ይለመዳል» ብዬ ቀጠልኩ። ቤት ገብቼ ሳወልቀው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ውሃ ቋጥሯል።

ይቺ «ቋጠረ» የምትባል ቃል ትገርመኛለች። ስንቅ ይቋጠራል። ዛፍ ፍሬ ይቋጥራል። ሰው ቂም ይቋጥራል፣ ሲከፋው ደግሞ ፊቱን። ጣት በር ሲቆነጥጠው ደም ይቋጥራል። እኔ ደግሞ የተቋጠረ ነገር ካየሁ ካልፈታሁ አያስችለኝም። በጥፍሬ አፈረጥኩት። እሱም አልበቃኝ፣ የላዩን ቆዳ ገፍፌ ጣልኩት።

ማታ ስታጠብ ውሃ ሲነካው ዘለልኩ። በሦስተኛው ቀን ዙሪያው ቀላ፣ ሞቀ፣ መግል ያዘ። ቁስሉን ያጠበችልኝ ነርስ «ምነው ክዳኑን ጣልከው?» አለችኝ። ክዳን ያለችው ያንን ቆዳ ነው። ጫማ ደጋግሞ ሲፈትግ የላይኛው ቆዳ ከታችኛው ይላቀቃል፤ ክፍተቱን ከሰውነታችን የሚወጣ ፈሳሽ ይሞላዋል። ፈሳሹ ከሥር ለሚያድገው ቆዳ ትራስ ነው፤ ክዳኑ ደግሞ ጀርም አያስገባም። ካልነካካነው ፈሳሹ ቀስ በቀስ ተመልሶ ይመጠጣል።

በሌላ ጊዜ ሲደርስብኝ በሳሙና አጥቤ፣ ፕላስተር ለጥፌ ተውኩት። አንዴ ብቻ በጣም አብጦ መርገጥ አቃተኝ። እጄን ታጠብኩ፤ መርፌ በአልኮል ጠርጌ ጠርዙ ላይ ወጋሁት። ፈሳሹን ቀስ አድርጌ አስወጣሁ፤ ቆዳውን ግን አልነካሁም። ከላይ ቫዝሊን ቀብቼ በንጹህ ፋሻ ሸፈንኩት። ስኳር ያለበት ሰው ግን ይህን በራሱ ባይሞክር ይሻላል፤ ሐኪም ይየው።

የእሳቱ ይለያል። የፈላ ውሃ እጄን ሲያቃጥለኝ መርፌ የሚባል ነገር አላሰብኩም። 20 ደቂቃ ያህል የቧንቧ ውሃ ሥር ያዝኩት። የጥርስ ሳሙና ቀባ ያለኝ አልጠፋም፤ እሺ አላልኩም።

አሁን አዲስ ጫማ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ነው የማለማምደው። ካልሲዬ በላብ ከራሰም እቀይራለሁ፤ የራሰ ቆዳ ቶሎ ይላጣል። ያንን የመጀመሪያውን ጫማ «ለአንተ ይሆናል» ብዬ ለወንድሜ ሰጠሁት። በሁለተኛው ቀን እያነከሰ፣ ፊቱን ቋጥሮ መለሰልኝ።