ለቀንህ አድርስልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን። «ካደረግህልኝ እመሰክራለሁ» ብዬ ተስዬ ነበርና ስለቴን ላድርስ።

እናቴ መቼ እንደተወለደች የሚናገር ወረቀት የለም። የሚታወቀው «ጣሊያን በወጣ በዓመቱ፣ በኅዳር ሚካኤል» መባሉ ነው። ጣሊያን የወጣው በ1933 ስለሆነ ኅዳር 12 ቀን 1934 ብለን ይዘነዋል። ልደት አክብራ አታውቅም። «የኔን ልደት ሚካኤል ያከብርልኛል» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ቀኗ ሁሌም በንግሥና በእልልታ ነው ያለፈው።

የልብ ድካም ከያዛት ቆይቷል። በ2017 ጥቅምት ላይ ግን ባሰባት። እግሯ አብጦ በአውራ ጣት ሲጫኑት የጎደጎደው ቶሎ አይመለስም። መጋደም ስለማትችል በትራስ ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ታድራለች። ሳንባዋ ውኃ ቋጥሯል ተብሎ ሆስፒታል ተኛች። ከዚያ ሐኪሙ እኔንና እህቴን ኮሪደር ላይ ጠርቶ «ቤቷ ብትሆን ይሻላል» አለን። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶናል።

ያን ማታ «ፈውስልኝ» ማለት አቃተኝ። አፌ ላይ የመጣው «ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ ለቀንህ አድርስልኝ» የሚለው ብቻ ነው። ጥላ ተሳልኩ።

ጠበሉን የነፍስ አባታችን ያመጡላታል፤ ክኒኗንም በሰዓቷ ትውጣለች። (ጠበል ሲጀምር መድኃኒቱን የሚጥል ሰው አለ። እኛ ቤት እንደዚያ የለም፤ አባም «ሁለቱንም ያዙ» ነው ያሉን።) እብጠቱ እየጎደለ መጣ። እህል ግን አልቀምስ አለች። ሰው መለየትም ተሳናት፤ እኔን በሟች አክስቴ ስም ትጠራኝ ጀመር።

ቀኑ ሲቃረብ ሌላ ጭንቅ መጣ። ኅዳር ሲታጠን አዲስ አበባ ላደገ አይነገረውም። በ1911 የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ፣ ኅዳር 12 ቆሻሻው ተጠርጎ በየደጁ ይቃጠላል። ከተማው በጭስ ይታፈናል። ጤነኛውን የሚያስል ጭስ፣ በኦክስጅን የምትተነፍስ ሴት ምን ሊያደርጋት ነው? ዋዜማውን በየበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ስወትፍ አመሸሁ።

ሲነጋ ወጣሁ። በራችን ላይ ጭስ የለም። የሰፈሩ ጎረምሶች ማታውኑ ቆሻሻውን በጋሪ ጭነው እታች ሜዳው ድረስ አርቀውታል። የለመናቸው ሰው የለም። «እማማ አሉ አይደል እንዴ!» አለኝ አንዱ፣ ምንም እንዳልሠራ ሰው። እዚያው ደጃፍ ላይ አለቀስኩ።

ስገባ እማዬ ነቅታለች። በስሜ ጠራችኝ። ቀጥላ፣ «በዚህ ቤት ቡና የለም እንዴ? ቀኑ ሚካኤል አይደል?»

ከዚያማ ቤቱ ሞላ። ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ ዶሮው ተሠራ። ጨው ስለተከለከለች የእሷ ለብቻው፣ ያለ ጨው። ቀምሳ ፊቷን አጨማደደችና «ይህን የሠራችው ባለሙያ ማናት?» አለች። እህቴ ድምፅዋን አጠፋች። ቡናው ውጭ ተፈልቶ ገባ፤ ዕጣኑ ቀረ። ዋሽንግተን ያለው ወንድሜ በሌሊት ተነስቶ በቪዲዮ ቢገባ «ከስተሃል፣ አትበላም እንዴ?» ብላ ተቆጣችው። እሱ እቴ፣ በቁጣዋ ነው ያለቀሰው።

የልጅ ልጆቿ ኬክ አመጡ፤ ላዩ ላይ የ8 እና የ3 ቁጥር ሻማ ተሰክቷል። ኦክስጅን ባለበት እሳት አይለኮስምና ሳይበራ «እፍ በይ» አሏት። «ያልበራ ሻማ ምን ተብሎ ይጠፋል? ወስዳችሁ ለሚካኤል አብሩልኝ» አለች። ሄደን አበራን። በጧፉ መሀል 8 እና 3 ቆመው ሲነዱ ያዩ አንዲት እናት በሳቅ ሞቱ።

እናቴ አልዳነችም። ልቧ ያው ነው፤ ኦክስጅኑም አልተነሳም። እኔ የለመንኩት ለቀኑ እንዲያደርሳት ነበር፤ አደረሳት። ጥላውን በወሩ፣ በታኅሣሥ ሚካኤል አስገባሁ። እሷ ደግሞ ከወዲሁ «ለከርሞ ኬኩ ይቅር፣ ድፎ ዳቦ ድፉልኝ» ብላናለች።