አሻንጉሊቷ ከመጋዘን ትውጣ

በሥራዬ ምክንያት ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ እዞራለሁ። ማዋለጃ ክፍል እንደገባሁ፣ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ፣ "ሕፃኗስ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ባልደረቦቼ የትኛዋን ሕፃን እንደምል ያውቃሉ። ኒኦናታሊን ነው፤ ሳይተነፍስ የተወለደን ልጅ እንዴት እንደምንረዳ የምንለማመድባትን አሻንጉሊት። መልሱ ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ "መጋዘን ናት ሲስተር።" አንዳንድ ቦታ ካርቶኗም አልተከፈተም። ይህን የምጽፈው ከመጋዘን እንድትወጣ ነው።

ከሙያው ውጭ ላላችሁ ላስረዳ። ኒኦናታሊ ባዶዋን ስትታይ ተራ ላስቲክ ናት። ሁለት ሊትር ገደማ ለብ ያለ ውኃ ሲሞላባት ግን ክብደቷም ሙቀቷም አሁን የተወለደ ልጅ ይሆናል። ራሷን ካልደገፉት ወደ ኋላ ይወድቃል፤ እጅና እግሯ ዝልፍልፍ ይላል። በቀጭን ቱቦ የተያያዙ የሚጨመቁ ኳሶች አሏት። አሠልጣኙ አንዱን ሲጨምቅ እትብቷ ላይ የልብ ምት በጣት ይዳሰሳል፣ በሌላው ታለቅሳለች፣ በሌላው ትተነፍሳለች። ካልጨመቀ ዝም ትላለች። አምቡ የምንለው በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት ነው፤ ጭምብሉ አፍና አፍንጫዋ ላይ በደንብ ካልገጠመ ወይም አንገቷ በልኩ ካልተቃና ደረቷ አይነሳም። የሃያ ዓመት ልምድ ያላት ሚድዋይፍም ትያዛት ትናንት የተመረቀ ልጅ፣ ለማንም አታዳላም።

ለምን ይህን ያህል ታስፈልገናለች? ብዙ ሕፃናት ያለማንም እገዛ ይተነፍሳሉ። ከመቶ እስከ አሥር የሚደርሱት ግን በደንብ መደረቅና ጀርባቸውን መታሸት ይፈልጋሉ፤ ከመቶ ከ3 እስከ 6 የሚሆኑት ደግሞ በአምቡ አየር ካልተሰጣቸው አይነሱም። እስቲ እናስላው። በወር ሠላሳ እናት የሚያዋልድ ጤና ጣቢያ ቢኖር አምቡ የሚያስፈልገው ልጅ በወር አንድ ወይም ሁለት ነው። ሚድዋይፎቹ አራት ቢሆኑ ለእያንዳንዳቸው በዓመት የሚደርሳቸው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ያውም አብዛኛው ሌሊት፣ ብቻቸውን ሲያድሩ። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነገር እጅ ላይ አይቆይም። መጽሐፉን በቃል ብናውቀውም እጃችን ይረሳዋል።

ጊዜውም አጭር ነው። ልጁ ከወጣበት ሰከንድ ጀምሮ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ወይ ራሱ መተንፈስ አለበት ወይ አምቡ መጀመር አለበት። ወርቃማዋ ደቂቃ የምንላት እሷን ነው። በዚያች ደቂቃ ልጁን ማድረቅ፣ እርጥቡን ጨርቅ መጣል፣ ጀርባውን ማሸት፣ መተንፈስ አለመተንፈሱን ማየት፣ እትብቱን አስሮ መቁረጥ፣ ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ አንገቱን ማቃናት፣ ጭምብሉን ማስገጠም አለ። ከዚያ በደቂቃ 40 ጊዜ ያህል መጭመቅ። ወረቀት ላይ ሲነበብ ይደርሳል። እጅ ሲንቀጠቀጥ ግን ደረቅ ጨርቅ ስንፈልግ ብቻ ታልቃለች።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ቁጥር አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 26 ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደረሱ። በሦስት ዓመት እጥፍ ለመሆን ምንም አልቀረውም። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ሕፃናት ግን በ2016 ከሺህ 29 ነበሩ፤ በ2019 ቁጥሩ አልወረደም። ይህን ደጋግሜ አስበዋለሁ። እናቶቻችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ሰምተው፣ አማታቸውን አሳምነው፣ መንገድ በሌለበት በቃሬዛ ተጭነው መጥተዋል። የድርሻቸውን ጨርሰዋል። ሞቱ አንድ ምክንያት ብቻ የለውም፤ ያለ ጊዜው መወለድም ኢንፌክሽንም አለ፣ ሪፈር የተባለች እናት መንገድ ላይ የምትቆይበትም አለ። ከመወለጃው ደቂቃ ጋር የተያያዘው ግን የእኛ የሚድዋይፎች ነው፣ በእጃችን ያለ ነው።

"ሠልጥነናል እኮ" የሚለኝ ብዙ ነው። እውነት ነው፣ ሠልጥነዋል። ከተማ ውስጥ አዳራሽ ተይዞ፣ አበል ተከፍሎ፣ ሰርተፊኬት ተሰጥቶ። ነገሩ የሚበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። በሰሜን ታንዛኒያ ገጠር ሃይዶም የሚባል የሉተራን ሆስፒታል አለ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2010 ያስጀመረውን፣ እኛም የምንሰጠውን፣ ሕፃናት እንዲተነፍሱ የመርዳት ሥልጠና ለአንድ ቀን ሰጡ። ከወራት በኋላ ሲፈተኑ ሠራተኞቹ አሻንጉሊቷ ላይ ጎበዞች ነበሩ፤ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ፣ እውነተኛው ልጅ ላይ ግን አሠራራቸው አልተለወጠም። ከዚያ ዘዴውን ቀየሩ። አሻንጉሊቷን እዚያው ማዋለጃ ክፍል አስቀመጧትና በየሳምንቱ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ በየወሩ ደግሞ አርባ ደቂቃ መለማመድ ጀመሩ። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚሞቱት ከሺህ 11.1 ወደ 7.2 ወረዱ። አሻንጉሊቷም ትምህርቱም ያው ነው። የተለወጠው ቦታዋና ድግግሞሹ ነው።

ታዲያ የእኛዋ ለምን መጋዘን ትገባለች? አንደኛው ንብረት ስለሆነች ነው። ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ቅጽ ፈርሞ የተረከባት ሰው ብትጎድልበት ከደመወዙ ይቆረጥበታል፤ ስለዚህ ይቆልፍባታል። አልፈርድበትም። መፍትሔው በማዋለጃ ክፍሉ ስም ወጥታ በየፈረቃው እንደ ቢፒ መለኪያው ርክክብ ውስጥ እንድትገባ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ከባድ ነው፤ ማፈር ነው። ሙያ በልብ ነው ተብለን አድገናል። የምናውቀውን በሰው ፊት ማሳየት ጉራ ይመስለናል፣ የማናውቀውን በሰው ፊት መሳት ደግሞ ውርደት። በተለይ አንጋፋ ሚድዋይፍ ካለች ጀማሪዎቹ ፊት ጭምብል ሳይገጥምላት መታየት አትፈልግም። እኔ ያገኘሁት መንገድ እሷን መጀመሪያ አሠልጣኝ ማድረግ ነው። ኳሱን እሷ ትጨምቅ፣ ልጁ መቼ እንደሚያለቅስ እሷ ትወስን። ከሦስተኛው ሳምንት ገደማ በኋላ ራሷ "እስቲ አምጪው" ብላ አምቡውን ትቀበላለች።

አንድ ልምምድ በቅርብ ላሳያችሁ። በየሐሙሱ ፈረቃ ሲለወጥ፣ የሚወጣውም የሚገባውም ባለበት፣ አጠር ያለ ልምምድ አለን። በዚያን ዕለት ማማናታሊን ይዘን ነበር፤ እሷ ሆድ ላይ በማንገቻ የምትታሰር፣ ሕፃኑም የእንግዴ ልጁም ደሙም ከውስጧ የሚወጣ የእናት ሆድ ናት። የታጠቃት ወንድ ሚድዋይፍ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ "ኧረ ማርያም ድረሽልኝ!" ሲል ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አዋላጇ በቅርብ የተቀጠረች ልጅ ነበረች። ሕፃኗን አወጣች፤ ሕፃኗ ዝም አለች። ሳቁ እዚያው ቆመ። አደረቀች፣ ጀርባዋን አሸች፣ አሁንም ዝም። አንዷ "ሠላሳ ሰከንድ!" አለች። እትብቱን ቆርጣ ወደ ጠረጴዛው ወሰደቻት፣ አምቡውን ጀመረች፣ ደረቷ አልተነሳም። እኔ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ፤ አሠልጣኝ እዚህ ጋ እጁን ከሰደደ ልምምዱ ተበላሸ። ልጅቷ ጭምብሉን አነሳች፣ አገጯን ቀና አድርጋ እንደገና አስገጠመች፣ በደንብ ጨመቀች። ደረቷ ተነሳ። ሁለቱ ረዳቶቿም አብረዋት እሷን እያዩ ነበር።

እናቲቱ ግን በስተጀርባቸው እየደማች ነበር። ቀይ ውኃው ከአልጋው ላይ እየተንጠባጠበ ነው። ልጁ እንደወጣ ሊሰጥ የሚገባው 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን፣ ደም መፍሰስን የሚከላከለው መርፌ፣ ትሪው ላይ ተቀምጧል፣ ማንም አልወጋም። ከሚወጣው ፈረቃ አንዷ አይታ "ማህፀኑ!" ብላ ሮጣ ማሸት ጀመረች።

ልምምዱ ካለቀ በኋላ ወንበራችንን ክብ አድርገን ተቀመጥን። ለእኔ ከልምምዱ ይልቅ ሥልጠናው ያለው እዚህ ነው። "ይህን ተሳስተሻል" ብሎ መጀመር ክልክል ነው። "ምን አየሽ? ምን አሰብሽ?" ተብሎ ነው የሚጀመረው። ልጅቷ ኦክሲቶሲኑን ራሷ አነሳችው፤ እሷ አምቡ ስትይዝ ማን እንደሚወጋ አስቀድመው አለመነጋገራቸውን ተናገረች። ከዚያ እናት የሆነውን ልጅ ጠየቅነው። "ልጄ አላለቀሰም፤ ምን ሆነ ብዬ ሦስቴ ጠየቅሁ። የመለሰልኝ የለም። ጀርባችሁን ነው ያየሁት" አለ። እንዲህ ያለውን ነገር ከየትኛውም ስላይድ ላይ አናገኘውም። ያው ልጅ በሥራው ብዙ እናት አዋልዷል፤ አልጋው ላይ ተቀምጦ ክፍሉን ሲያይ ግን የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ተስማምተን ግድግዳው ላይ ለጠፍን፦ "እናቴ፣ ልጅሽ ገና አልተነፈሰም፣ እየረዳነው ነው፣ እኔ ካጠገብሽ ነኝ።" ይህን የሚላትም ማህፀኗን የሚዳስሰውም ኦክሲቶሲኑን የሚወጋውም አንድ ሰው እንዲሆን ወሰንን።

በሌላ ጤና ጣቢያ ደግሞ ልምምዱ ያወጣው የሰው ሳይሆን የክፍሉን ጉድለት ነው። "አምቡ!" ተባለ። አምቡው ቁምሳጥን ውስጥ ነው፣ ቁምሳጥኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ቤቷ የገባች ሚድዋይፍ ኪስ ውስጥ ነው። ቁልፉ ተገኝቶ ሲከፈት ዜሮ ቁጥር ጭምብል እንጂ አንድ ቁጥሩ የለም፤ ዜሮው ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱት ነው፣ ለደረሰ ልጅ አይገጥምም። ይህ ሁሉ የታየው በላስቲክ ሕፃን ላይ ሆኖ ነው። በማግሥቱ አምቡውና ሁለቱም ጭምብሎች በሚያሳይ ፌስታል ተደርገው ከማሞቂያው ጠረጴዛ አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቀሉ። አዳራሽ ውስጥ ቢሠለጥኑ ኖሮ ይህ አይታይም ነበር፤ አዳራሹ ቁምሳጥን የለውም።

ማማናታሊ የላቸውም የሚባሉ ቦታዎች ብዙ ናቸው። ግድ የለም። ሕፃኗ ፎጣ ተጠቅልሎ ትሠራለች፣ ደሙ ከርከዴ ተፈልቶ ይሠራል። አምቡ ለመለማመድ አሻንጉሊቷ የግድ ናት፤ ማን ምን ይሠራል፣ ዕቃው የት ነው፣ እናቲቱን ማን ያነጋግራል ለሚለው ግን ሰውና አምስት ደቂቃ ይበቃል። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ስኪል ላብ ውስጥ ዓይኑ የሚርገበገብ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማኒኪን ሲገባ ደስ ይለኛል። ግን አንድ አሻንጉሊት ዙሪያ ብዙ ተማሪ ተኮልኩሎ፣ አንዱ ሲነካ ሌላው በትከሻ እያየ ኦስኪ ለሚባለው የተግባር ፈተና የሚዘጋጅ ከሆነ ዋጋው ምንም አይሠራም። በአሻንጉሊት መለማመድ የተጀመረውም በኮምፒውተር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 ትንፋሽ መስጠትን የምታለማምደውን አሻንጉሊት፣ ሪሰሲ አንን፣ የሠራው ኦስሙንድ ላርዳል፣ ስታቫንገር በምትባል የኖርዌይ ከተማ የልጆች መጫወቻ የሚያመርት ሰው ነበር።

ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎች የምለው ይህ ነው፦ በዚህ ሳምንት መጋዘናችሁን አስከፍታችሁ እዩ። ካለች በማዋለጃ ክፍሉ ስም አስወጧት። አበልም አዳራሽም አያስፈልግም። የፈረቃ ርክክብ ላይ አምስት ደቂቃ ስጧቸው፣ የመጀመሪያውን ቀን ቆማችሁ እዩላቸው፣ ፈተና አታድርጉት፣ ማርክ አትስጡ።

የእኛ የሚቀጥለው ሐሙስ ልምምድ መንታ ነው። ሁለተኛው ልጅ ላይተነፍስ ተወስኗል፤ የመጀመሪያው ምን እንደሚሆን ግን ገና አልተነገራቸውም። ሚድዋይፎቹ ሁለት፣ አምቡው አንድ ነው። ሁለተኛውን የሚጠይቀውን ደብዳቤ ጽፈን ጨርሰናል፤ ከልምምዱ የምናየውን ጨምረንበት ዓርብ ይገባል።