ምንቃሩ አልወጣ አለኝ

ዛሬም ብሌንደር የሚሉት፣ ኮምፒዩተር ላይ ቅርጽ የሚሠሩበት ሶፍትዌር ናላዬን ሲያዞረው አመሸ።

ለልምምድ የመረጥኩት ፔሊካን የሚባለውን ወፍ ነው። ባሕር ዳር ተቀምጦ ድራጎን መቅረጽ ምን ይሉታል? ጣና ዳር አሣ የሚበለትበት ቦታ ሄዶ መቆም ብቻ ነው። የተጣለውን አንጀት ሊለቅሙ እግር ሥር ድረስ ይመጣሉ።

ሶፍትዌሩም ነፃ ነው። በፈረንጆቹ 2002 ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኗል። ባለሙያዎቹ የሚምሉበት ሌላው የቅርጽ ሶፍትዌር፣ ዚብራሽ ግን በዶላር ነው የሚከፈለው፤ ለእኔ ቢጤ ወሬው ይበቃል።

የመጀመሪያው ጣጣ ማውስ ነው። ብሌንደር ቅርፁን ለማዞር የማውሱን የመሀል ቁልፍ ይፈልጋል። ላፕቶፕ ላይ ከየት ይምጣ? ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ባለ ሦስት ቁልፍ ማውስ የሚያስመስለውን ምርጫ ማብራት ይቻላል። ከዚያ አልትን ይዞ በግራው ቁልፍ መጎተት ነው። ይህን ግን ማን ይነግርሃል? የምማርበት ቪዲዮ ላይ ያለው ሰውዬ ጣቱ ኪቦርዱ ላይ ይሮጣል፣ ቅርፁ ይገለበጣል፣ እኔ ወደኋላ እመልሳለሁ። አሁንም እመልሳለሁ። «ለጀማሪዎች» እያሉ የሚለጥፉት ሰዎች መቼም ጀማሪ ሆነው አያውቁም መሰለኝ።

ይህ እንኳ ይለመዳል። ያናደደኝ «ዲጂታል ጭቃ» የሚሉት ነገር ነው። የምን ጭቃ! ልጆች ሳለን ክረምት ላይ ከጭቃ በሬ ስንሠራ፣ ቀንዱ ካነሰ ቆንጠር አድርገን እንጨምር ነበር። እዚህ ግን ውስጡ ባዶ ነው፤ እንደተነፋ ፊኛ ያለው ላዩ ብቻ ነው። ላዩም በጥቃቅን አራት ማዕዘኖች የተያያዘ ነው። ምንቃር ላውጣ ብለህ ስትጎትት የሚጨመር ነገር የለም። እነዚያው አራት ማዕዘኖች ተለጥጠው ተለጥጠው ስንጥር ያክላሉ። በላዩ ብራሽ (ቅርፁን የምትነካካበትን መሣሪያ) ብታሳርፍ መስመሩ ይሰባበራል።

ታናሽ እህቴ ከኋላዬ መጥታ አየችውና «ጫማ ነው?» አለችኝ።

ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ ሪሜሽ ነው። ቅርጽ በምትሠራበት ገጽ ላይ ኮንትሮልና አርን አንድ ላይ ስትጫን፣ ላዩን በእኩል በእኩል እንደ አዲስ ይሠራዋል። ግን የአዲሶቹን አራት ማዕዘኖች መጠን ካበዛኸው ስንት የለፋህበትን የዓይን ቆብ ውጦት ቁጭ ይላል። ካሳነስከው ደግሞ የላፕቶፑ ፋን ይጮሃል። ሌላው መንገድ አራት ማዕዘኖቹን መከፋፈል ነው። መነሻው ኪዩብ፣ ማለትም ሳጥን መሰሉ ቅርጽ፣ 6 ገጽ አለው። አንዴ በከፈልከው ቁጥር በ4 ይባዛል፦ 24፣ 96፣ 384 እያለ። ስድስተኛው ላይ 24,576 ይደርሳል፤ ዘጠነኛው ላይ ከ1.5 ሚሊዮን ያልፋል። የእኔ ላፕቶፕ እዚያ ሳይደርስ እጁን ይሰጣል። ስለ መብራት መሄድ ዛሬ አላወራም።

ከሰዓት በኋላ ዘግቼው ወደ ሐይቁ ወረድኩ። አንድ መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ አፍጥጬ ስቆም አይተው «ምን ጠፋብህ ልጄ?» አሉኝ።

«ምንቃሩን እያየሁ ነው አባባ።»

«ከታች እየው እንጂ። ከረጢቱ ከታች አይደል?»

እውነታቸውን ነው። የላይኛው ምንቃር ጠፍጣፋና ቀጥ ያለ ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ወደታች ቆልመም ይላል። የታችኛው ሁለት ቀጫጭን አጥንት ነው፤ ከረጢቱ በመሀላቸው ተንጠልጥሏል። አንዱ አሣ ሲቀልብ ከረጢቱ ተወጠረ፣ ውሃውን በጎንና በጎን አፈሰሰ፣ ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ ዋጠ። ሦስት የተለያየ ነገር ከአንድ ጉብታ ተጎትቶ እንዴት ይወጣል?

ማታ የላይኛውን ከሌላ ኪዩብ ለብቻው ሠራሁት። ከጭንቅላቱ ጋር ትንሽ አስገብቼ፣ በኮንትሮልና ጄ አገናኝቼ ሪሜሽ አደረግኩት። ገጠመ! ስፌቱ እንኳ አይታይም። ለካ ጭቃ መጨመር ይቻላል፤ ከውጭ አምጥተህ ነው እንጂ ከራሱ ጎትተህ አይደለም። ከቪዲዮዎቹ አንዱ ይህን መጀመሪያ ላይ ቢለው ምን ነበረበት?

እህቴ አሁን «ዳክዬ» ብላዋለች። ከጫማ ይሻላል። ከረጢቱ ገና ወፍራም ነው፣ ነገ አሳሳዋለሁ። ስለ ላባ አንድ ቪዲዮ ከፍቼ ርዝመቱን ሳይ ግን መልሼ ዘጋሁት።