«ወስዳችሁ አስታምሙት» ከተባለ በኋላ

በጎንደርና በዙሪያዋ ካንሰር ወይም ሌላ የማይመለስ ደዌ የጸናበት ሰው ያለው ቤተሰብ «ከእንግዲህ ወስዳችሁ አስታምሙት» የሚለውን ቃል አንድ ቀን መስማቱ አይቀርም። ቃሉ የሚነገረው ለታማሚው ሳይሆን ለበኩር ልጁ ወይም ለወንድሙ ነው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ በኮሪደር ላይ፣ በቁም። ይህን የሚል ሐኪም ጨካኝ ነው አልልም፤ አልጋ የሚጠብቅ ሌላ ሕመምተኛ አለ፣ ቤተሰቡም ቢሆን ሰዋቸው ዘመዶቹና የንስሐ አባቱ ባሉበት በቤቱ ቢያርፍ ይመርጣል። በነርስነት ሙያዬ ደጋግሜ የታዘብሁትና የምቃወመው ወደ ቤት መላኩን ሳይሆን ባዶ እጁን መላኩን ነው።

የችግሩ ሥር፣ በሙያችን ፓሊየቲቭ ኬር የምንለው፣ ደዌውን ባያድንም ሕመምንና ጭንቀትን የሚያቀልል የማስታገሻ ሕክምና ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ብቻ የሚጀመር ተደርጎ መቆጠሩ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የቦስተን ጥናት፣ የተሠራጨ የሳንባ ካንሰር እንዳለባቸው ገና የታወቀ 151 ሕመምተኞችን በሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ ከተለመደው ሕክምና ጎን ለጎን ከመነሻው ማስታገሻ ሕክምና ሰጥቶ ነበር። እነዚህኞቹ ኑሯቸው የተሻለ፣ ድብርታቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ በመጨረሻው ሰሞን አድካሚ ሕክምና የተሰጣቸው ጥቂቶች ቢሆኑም በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 11.6 ወር ሲሆን የሌሎቹ 8.9 ወር ነበር። አንድ ጥናት ነው፤ ለማንም ዕድሜ ይረዝማል ብዬ ቃል አልገባም። ሕመምን ቀድሞ መያዝ ኑሮን እንደሚያሻሽል ግን ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ሌሎች ጥናቶችም ደግመው አሳይተዋል።

ወደ ቤት ከሚሄደው ሰው ጋር አብሮ መሄድ ያለበት የመጀመሪያው ነገር ብርቱ ሕመም የሚያስታግሰው የሚዋጥ ሞርፊን ነው። ሽሮፑ የሚሠራው ለአራት ሰዓት ያህል ስለሆነ ሕመሙ እስኪመጣ ሳይጠበቅ በሰዓቱ ይሰጣል፤ «ሲያመው ስጡት» የሚል ትእዛዝ በሽተኛውን ሁልጊዜ ከሕመሙ ኋላ እንዲሮጥ ያደርገዋል። ማታ ሲተኛ የሚወስደውን መጠን እጥፍ በማድረግ ሌሊት ሳይቀሰቀስ እንዲያድር ማድረግ ይቻላል። ከሞርፊኑ ጋር የሆድ ድርቀት ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል፤ ማቅለሽለሹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲተው ድርቀቱ ግን አይተውምና። መርፌው በወጣለት ስሪንጅ ለክቶ አፍ ውስጥ ማድረስን ፊደል ያልቆጠረች እናት በአንድ ጠዋት ትማረዋለች። «ሱስ ያስይዘዋል፣ ሞቱንም ያፋጥናል» የሚለው ፍርሃት ከቤተሰቡ ይልቅ በእኛ በባለሙያዎቹ ላይ የበረታ መሆኑ ይገርመኛል፤ ከትንሽ ተጀምሮ በሕመሙ ልክ ቀስ በቀስ የሚጨመር ሞርፊን ሰው አይገድልም። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1993 ሆስፒስ (ለማይድኑ ሕመምተኞች የማስታገሻ ሕክምና የሚሰጥ ተቋም) ያቋቋሙት ዶክተር አን ሜሪማን የሞርፊኑን ዱቄት በውኃ በጥብጦ በርካሽ ማዘጋጀት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2004ም የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ የሀገሪቱ ሕግ ፈቀደ።

ሁለተኛው እውነቱ ነው። መርዶ በጥንቃቄ የሚነገርበት ሀገር ልጆች ነንና ለሕመምተኛው ደዌውን መደበቅ ርኅራኄ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ሰው ሳይናዘዝ ቢሞት ዕድሜ ልክ የሚቆጨንም እኛው ነን፤ ጊዜው እንደቀረበ ያላወቀ ሰው ደግሞ ብድሩን አይናገርም፣ ልጆቹን አደራ አይልም፣ ከተቀያየመው ጎረቤቱም አይታረቅም። በኤች አይ ቪው ዘመን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር። ዛሬም ቢሆን «መድኃኒቱን አቋርጬ ጠበል ልግባ» የሚልን ሰው ከእኔ ይልቅ የንስሐ አባቱ በቀላሉ ያግባቡታል፤ ስለዚህ ቄሱን ከመጀመሪያው ምክክር ውስጥ ማስገባት ይገባል እላለሁ።

ሦስተኛው በመጨረሻዎቹ ቀናት የሚሆነውን ማስረዳት ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረኝ አጥሚት ነው። ከእንቅልፉ የማይነቃን ሰው አንገቱን ደግፎ በማንኪያ ማጉረስ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም፣ አጥሚቱ በሳንባው ገብቶ ያፍነዋል። ሰውነቱ መብል የተወው ሊሞት ስለሆነ ነው እንጂ የሚሞተው ስላልበላ አይደለም። የሚጠቅመው ንጹሕ ጥጥ በውኃ እያራሱ አፉንና ከንፈሩን ማርጠብ፣ ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ትንፋሹ ሲንኮራኮር በጎኑ ማስተኛት ነው። ድምፁ አጠገቡ ሆኖ ለሚሰማው ሰው ያስጨንቃል፤ ታማሚው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሰማውም።

ይህን ሁሉ ሆስፒታል ብቻውን አይችለውም። በ1947 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) አንድ ላይ እያሠለጠነ ወደ ሕዝቡ ያሰማራ ስለነበር፣ ቤት ለቤት መሄድ ለዚህች ከተማ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በሕንድ ኬረላ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 በካሊከት ከተማ በሐኪሞች የተጀመረው የማስታገሻ ሕክምና ሥራ ኋላ ወደ የሰፈሩ ወርዶ፣ ጎረቤቶች አጭር ሥልጠና እየወሰዱ በሽተኛ የሚጎበኙበት ሥርዓት ሆኗል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ለማደራጀት ከእድር የተሻለ ማኅበር አላውቅም። የሰፈራችን እድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስትና የቀብር ገንዘብ አለው፤ መተዳደሪያ ደንቡ ግን አባሉ እስኪሞት ድረስ አያውቀውም። ስለዚህ ከወርኃዊ መዋጮው ጥቂቱ ለጓንት፣ ለአንሶላና ለመድኃኒት እንዲውል፣ አባላትም አስታማሚዋ አንድ ሌሊት እንድትተኛ ተራ እንዲገቡ የሚል ማሻሻያ ለጠቅላላ ጉባኤው አቅርቤአለሁ። ሊቀመንበሩ ሐሳቡን ወደውት «ሲስተር፣ አስቀድመሽ ገንዘብ ያዡን አሳምኚ» ብለውኛል።