ሮዝ ቀለሙን አምኜ የተሳሳትኩት

ደሴ ላይ የማስተርስ ጥናቴን ስሠራ ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ዓረፍተ ነገር ባልጻፍኩ።

ጥያቄዬ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሴልን እንዴት ይገድላል የሚል ነበር። ይህ ጋዝ በትንሹ ሲመረት የደም ሥርን ያላላል። በዚህ ግኝት ሦስት ሳይንቲስቶች በፈረንጆቹ 1998 ኖቤል ተሸልመዋል። ማክሮፋጅ የተባሉት ተከላካይ ሴሎች ግን ባክቴሪያን ለመግደል በብዛት ያመርቱታል። ያኔ ለአምራቹ ሴልም አይራራም።

ሴሎቹን ከአይጥ አወጣሁ፣ የባክቴሪያ መርዝ ጨመርኩ፣ 24 ሰዓት አቆየሁ። እስከዚህ ሰላም ነው።

መከራው ልኬቱ ላይ መጣ። ናይትሪክ ኦክሳይድ ቶሎ ስለሚጠፋ የሚለካው ከእሱ የሚቀረው ናይትራይት ነው። የግሪስ ሙከራ ናይትራይት ሲያገኝ ሮዝ ይሆናል፤ በ540 ናኖሜትር ይነበባል። ሱፐርኦክሳይድ የሚባለውን ጎጂ የኦክስጅን ዓይነት የሚያስመርት ኬሚካል የጨመርኩበት የሴል ረድፍ ሮዙ ገርጥቶ ውሃ ሊመስል ምንም አልቀረው። የሞተ ሴል ውስጥ ብቻ የሚገባውን ትራይፓን ብሉ የተባለ ቀለም ጠብ አድርጌ በማይክሮስኮፕ ሳይ ግን አብዛኞቹ ሴሎች ሰማያዊ ሆነዋል። ሞተዋል። «ናይትሪክ ኦክሳይዱ ትንሽ ነው፤ ገዳዩ ሌላ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ተሳስቻለሁ። ናይትሪክ ኦክሳይድና ሱፐርኦክሳይድ ሲገናኙ ፐሮክሲናይትራይት ይሆናሉ። እሱ ዲኤንኤውን ይበጣጥሳል። ፓርፕ የሚባለው ኢንዛይም ጥገናውን ለማስጀመር ሲሯሯጥ ሴሉ ኃይል ለማመንጨት የሚፈልገውን ኤንኤዲ የተባለ ሞለኪውል ያሟጥጣል፤ ሴሉ ኃይል አጥቶ ይሞታል። ፐሮክሲናይትራይቱ ራሱ በአብዛኛው ናይትሬት ሆኖ ያልፋል፤ ግሪስ ደግሞ ናይትሬትን አያይም። ገዳዩ ሥራውን ጨርሶ ልብሱን ቀይሮ ወጥቷል።

ይህን የሚያጋልጠው ኤል-ኔም ነበር፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚያመርተውን ኢንዛይም ያግዳል። እሱ ተጨምሮ ሴሎቹ ከተረፉ ሞቱ ከናይትሪክ ኦክሳይድ ነው ማለት ነው። ጠይቄ ነበር። ግዢ ክፍሉ «ሦስት ፕሮፎርማ አምጪ» አለኝ። አቅራቢው አንድ ብቻ ነው ብል ማን ሰምቶ! ሦስት ወር ተመላለስኩ። የላብራቶሪው ጋሼ «አብሽሪ ልጄ፣ ይመጣል» ይሉኛል። አልመጣም። አሁንም ያንገበግበኛል። ከግዢ ክፍሉ ይልቅ ግን ያለ ኤል-ኔም መደምደሜ ይቆጨኛል።

የያዝኩት መመሪያ ናይትራይት መለካት ይበቃል ይላል። አይበቃም። ናይትሬቱን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ቀይሩና ለኩ። ብር ካጠረ ሌላ ነገር ቀንሱ፤ ኤል-ኔም ያለበትን ረድፍ ግን አትንኩ።

ከተመረቅኩ በኋላ አንዲት ጓደኛዬ ጥቂት ሚሊግራም ኤል-ኔም ሰጠችኝና ደገምኩት። አብዛኞቹ ሴሎች ቀለም ሳይገባቸው፣ ጠርዛቸው እያበራ ታዩኝ፤ በሕይወት አሉ። ሰማያዊው እዚህም እዚያም ብቻ ነው። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ጥናቴ ግን ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ገብቷል። «ገዳዩ ሌላ ነው» የሚለው እንዳለ ነው።