የሂሳብ ባለሙያ በሙያ ግሩፕ ውስጥ ስሙን የሚያስጠራው እንዴት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ የሂሳብ ባለሙያ ቢያንስ ሦስት አራት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አለ፤ የክፍል ጓደኞች፣ የድሮ መሥሪያ ቤት፣ የታክስ፣ የሥራ ማስታወቂያ። አብዛኛው አባል ዝም ብሎ ያነባል። ጥቂቱ ደግሞ በየበዓሉ ፎቶውና ሎጎው ያለበት «እንኳን አደረሳችሁ» ይለጥፋል፤ አንዳንዱ ላይ ፎቶው ከደመራው ይገዝፋል። የግብር ጥያቄ ሲነሳ ግን «እስቲ እገሌን ጠይቁት» የሚባለው ከሁለቱም አይደለም። እዚህ የምጽፈው ስለዚያ «እገሌ» ነው።

መጀመሪያ ጉዳዩን ያጠብባል። «ሂሳብና ፋይናንስ» ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ ግሩፑ ውስጥ ያለው ሁሉ እሱው ነው። የደመወዝ ግብርና ጡረታ፣ የአስመጪዎች የዕቃ ወጪ ስሌት፣ የተቋራጭ ሂሳብ፣ የለጋሽ ድርጅት ሪፖርት፤ ከእነዚህ አንዱ ይበቃል። ሊንክድኢን ላይ ከስም ሥር የሚጻፈው መስመር 220 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው፤ «ታታሪ፣ ልምድ ያለው፣ በቡድን መሥራት የሚችል» ከሚጨርሰው «የደመወዝ ግብርና ጡረታ፣ ለፋብሪካዎች፣ አዲስ አበባ» ቢባል ፈላጊው ያገኛችኋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ነው። አዲስ የታክስ አዋጅ ሲወጣ በየግሩፑ የሚዞረው ፒዲኤፉ ነው፤ ብዙ ጊዜም ስካን ስለሆነ ቃል ተፈልጎ አይገኝበትም። ፔይሮል (የደመወዝ መክፈያ ሰነድ) የምትሠራዋ ልጅ የምትፈልገው ግን አንድ ነገር ነው፦ የዚህን ወር ሳዘጋጅ የቱን ቁጥር ልቀይር? የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017ን ውሰዱ። ጠቃሚው መልእክት ይህን ያህል ነው፦

«የደመወዝ ግብር፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ። ምሳሌ፦ የ12,000 ብር ደመወዝ። በድሮው 12,000 × 35% − 1,500 = 2,700። በአዲሱ 12,000 × 30% − 1,350 = 2,250። የሠራተኛው ጡረታ 7% (840 ብር) እንዳለ ነው። እጅ ላይ የሚደርሰው ከ8,460 ወደ 8,910 ያድጋል።»

ከሥሩ እርከኖቹ ይከተላሉ (ደመወዙ በመቶኛው ተባዝቶ «ተቀናሹ» ይነሣለታል)፦ እስከ 2,000 ነፃ፤ እስከ 4,000 15%፣ ተቀናሽ 300፤ እስከ 7,000 20%፣ ተቀናሽ 500፤ እስከ 10,000 25%፣ ተቀናሽ 850፤ እስከ 14,000 30%፣ ተቀናሽ 1,350፤ ከዚያ በላይ 35%፣ ተቀናሽ 2,050። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። አንድ መስመር ጨምሩበት፦ ተቀናሹ ከየት መጣ? 300 ማለት 2,000 × 15% ነው፤ በሚቀጥለው እርከን 4,000 × 5% ሲደመርበት 500 ይሆናል፤ እንዲህ እያለ ይወጣል። ይህን ያነበበ ሰው ቁጥሩን ራሱ ያረጋግጠዋል። አለቃው «ማን ነው ያለው?» ሲለው የሚያሳየው ነገር አለው፤ የእናንተን መልእክት ፎርዋርድ የሚያደርገውም ለዚህ ነው።

ቴሌግራም ላይ አቀራረቡም ይቆጠራል። መልእክቱ ከወራት በኋላ በፍለጋ እንዲገኝ የመጀመሪያው መስመር ሰው የሚጽፈውን ቃል ይያዝ፦ «የደመወዝ ግብር» እንጂ «ጠቃሚ መረጃ!!!» አይሁን። የድምፅ መልእክት ውስጥ የተባለ ነገር ተፈልጎ አይገኝም፤ የአምስት ደቂቃ ማብራሪያ ለዛሬ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ከፋይል ጋር የሚያያዝ ጽሑፍ በነፃው ቴሌግራም ከ1,024 ፊደል አያልፍም፤ ረዘም ካለ ለብቻው ላኩት። የኤክሴሉ ስም ደግሞ «ቡክ1 ፋይናል ፋይናል» ከሆነ ስልክ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ ስሙ ላይ ጉዳዩንና ወሩን ጻፉ። ፎርሙላውን በይለፍ ቃል አትቆልፉት፤ ሰው የማይከፍተውን አያምንም።

ጊዜውንም ምረጡ። የፔይሮል ነገር ወሩ 20 ሳይሞላ ይለጠፍ፤ ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ የሚመጣ እርማት ጥቅሙ ግማሽ ነው። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች የዓመቱ ማሳወቂያ ጥቅምት 30 ያበቃል፤ ስለዚህ የመዝጊያ ሰነዶች ዝርዝር መስከረም ውስጥ እንጂ ጥቅምት 28 አይለጠፍም።

ስም የሚያበላሸው በአብዛኛው አንድ ነገር ነው፦ ረቂቅን እንደ ጸደቀ ሕግ ማሰራጨት። ረቂቅ አዋጅ ምክር ቤት ሳይደርስ ስልክ ላይ ይደርሳል፤ በመሐል ቁጥሮች ይለወጣሉ። የአዋጅ ቁጥርና የሚጸናበት ቀን ከሌለው «ረቂቅ ነው» ብላችሁ በመጀመሪያው መስመር ጻፉ። ከተሳሳታችሁ ደግሞ የድሮውን በዝምታ አታርሙ፤ ቀድሞ ያነበበው አያየውም። ለመልእክቱ «ሪፕላይ» አድርጋችሁ የቱ ቁጥር እንደተለወጠ ለይታችሁ ጻፉ። የደንበኛ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለበት ስክሪንሾት ለምሳሌ ብላችሁ ከለጠፋችሁ ግን ሪፕላይ አያድናችሁም።

ሰውን ከሰው ማገናኘት ሁለተኛው መንገድ ነው፤ እኛ አገር ሥራ በአብዛኛው እንዲህ ነው የሚገኘው። ሳይጠይቁ ስልክ መስጠት ግን ደግ አይደለም። መጀመሪያ ለሚፈለገው ሰው ጻፉ፦ «አንድ አስመጪ የዓመት ሂሳብ የሚዘጋለት ይፈልጋል፤ ሰነዱ የስምንት ወር ነው፤ ስልክህን ልስጠው?» እሺ ሲል ብቻ ስጡ። ምስክርነታችሁ ያያችሁትን ብቻ ይናገር፦ «ሁለት ኦዲት አብረን ሠርተናል፤ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር በደንብ ይችላል፤ ታክስ ላይ ግን ሲሠራ አላየሁትም።» «ጎበዝ ልጅ ነው» ያለ ሰው ልጁ ሲያጠፋ አብሮ ይጠራል። በሁለት ሳምንቱ ለሁለቱም «እንዴት ሆነ?» በሉ፤ ይቺን የሚያደርጋት ሰው እምብዛም ስለሌለ ትታወሳለች።

እንዲህ ስትሆኑ የውስጥ መስመራችሁ በነፃ ጥያቄ ይሞላል። ድንበሩ ግልጽ ይሁን፦ ሰነድ ሳይታይ የሚመለስ ጥያቄ ነፃ ነው፤ ያውም ግሩፑ ላይ፣ ሌላውም እንዲያየው። ሰነድ የሚያስከፍት ከሆነ ሥራ ነው። «ይሄ ደረሰኞቹን ሳላይ የሚመለስ አይደለም፤ ላኩልኝና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅና ዋጋውን እስከ ነገ ማታ አሳውቃለሁ» ማለት ማንንም አያስከፋም። የሚያስከፋው «እሺ አየዋለሁ» ብሎ ሦስት ሳምንት መጥፋት ነው።